ስኳር የበዛበት ሩም፦ እንዴት ይቀመሳል፣ እንዴት ይፈረዳል?

ከውጭ የመጣ ሩም ተከፍቶ አንድ አንድ መለኪያ ሲቀዳ፣ አረቄ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚለው «አይለበልብም» ነው። 40 ከመቶ አልኮል የያዘ መጠጥ ጉሮሮ ሳይለበልብ የሚወርደው ግን በሁለት ምክንያት ነው። ወይ በኦክ በርሜል ብዙ ዓመት ተቀምጦ በስሏል፣ ወይ ስኳር ገብቶበታል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አሉ። ስኳሩ በዝቶም ቢሆን ቀማሹ «ጣፋጭ» ሳይሆን «ለስላሳ» ብሎ ያልፈዋል፤ ፍርዱ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ጣፋጭ ሩም የሚፈርድ ሰው ከመጀመሪያው ጉንጭ እስከ መጨረሻው አንድ ጥያቄ ይያዝ፦ ይህ ልስላሴ ቢነሳ ከሥሩ ምን ይቀራል?

ስኳሩ ከየት መጣ?

«ሩም ከሸንኮራ አገዳ ስለሚሠራ ይጣፍጣል» የሚል ሻጭ ደሴም አለ፣ አዲስ አበባም አለ። ትክክል አይደለም። ሩም የሚሠራው ከአገዳ ጭማቂ ወይም ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ነው። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል፤ ቀጥሎ ፈሳሹ ይነጠራል። አረቄ የምታወጣ እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በቱቦው የሚያልፈው የአልኮልና የውሃ እንፋሎት ከነጠረኑ ነው፣ ስኳር አይተንምና ድስቱ ውስጥ ይቀራል። የማር አረቄ ተብሎ የቀረበው ጣፋጭ ከሆነ ማሩ የገባው ከወጣ በኋላ ነው። ሩምም እንደዚሁ ነው፤ ከማንጠሪያው ሲወጣ ደረቅ ነው። የኦክ በርሜሉ ከእንጨቱ ጥቂት ስኳርና ብዙ የቫኒላ ሽታ ይሰጠዋል። ያ ሽታ አፍንጫን «ጣፋጭ ነው» ያሰኛል እንጂ ምላስ ላይ የሚቆጠር ስኳር አያመጣም።

ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ በሊትር ከ5 ግራም በላይ ስኳር ከተገኘ የጨመረው ሰው ነው። መጨመሩ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት በ2019 ወጥቶ ከግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ «ሩም» ተብሎ የሚሸጥ መጠጥ በሊትር እስከ 20 ግራም ስኳር እንዲይዝ ይፈቅዳል። ከዚያ ያለፈው «ሩም» የሚለውን ስም ብቻውን መያዝ አይችልም፤ ከጠርሙሱ ጀርባ በትንሹ «ስፒሪት ድሪንክ» የሚል ይጻፍበታል። በሊትር 100 ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ሊኬር ወደሚባለው ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ ይገባል። የጃማይካ ሩም በአንጻሩ የቦታውን ስም በሚጠብቀው የጂኦግራፊያዊ ስያሜ ደንብ መሠረት ስኳር አይጨመርበትም።

20 ግራም በሊትር ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ወደ ማንኪያ እንቀይረው። 700 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 14 ግራም፣ ማለትም ሳይቆለል ሦስት ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። 40 ግራም በሊትር ከሆነ ሰባት ማንኪያ። ነገሩ የሚያደናግረው ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ በትንሽ ብርጭቆ ሻይ ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚያማስል ሰው በሊትር 80 ግራም ያህል ስኳር በየቀኑ እየጠጣ ነው። ለእንዲህ ያለው ምላስ 20 ግራም ስኳር ሆኖ አይሰማውም። የሚሰማው የአልኮሉ ንክሻ መደንዘዙ፣ የእንጨቱ ምሬት መጥፋቱና ፈሳሹ መወፈሩ ነው።

ምላስን ማለማመድ

ጣፋጭ ሩም ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ይህን ሥሩ። ስኳር ያልተጨመረበት ሩም ያስፈልጋል፤ የጃማይካው አፕልተን እስቴት ወይም የባርቤዶሱ ማውንት ጌይ ይሆናል። ካልተገኘ ምንም ጣዕም ያልገባበት ቮድካም ያገለግላል። ዳግም አረቄ ግን አይሆንም፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ የጌሾውና የጭሱ ጠረንም ያሳስታል።

50 ግራም ስኳር በመለኪያ ኩባያ አድርጉና ጠቅላላው 100 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ሙቅ ውሃ እየጨመራችሁ አሟሙ። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ግማሽ ግራም ስኳር ይዟል። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ግዙ። አራት ብርጭቆ ደርድሩና በየአንዳንዱ 25 ሚሊ ሊትር ሩም ቅዱ። ለመጀመሪያው ምንም ሽሮፕ የለም፣ 2 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ። ለሁለተኛው ግማሽ ሚሊ ሊትር ሽሮፕና አንድ ተኩል ውሃ፣ ለሦስተኛው አንድ ሽሮፕና አንድ ውሃ፣ ለአራተኛው ሁለት ሽሮፕ ያለ ውሃ። በሊትር 0፣ 10፣ 20 እና 40 ግራም ገደማ ማለት ነው፤ በትክክሉ ትንሽ ያንሳል፣ ለሥራችን አይጎዳም። ውሃው የሚገባው አራቱም እኩል እንዲቀጥኑ ነው። እሱ ከተረሳ አራተኛው ብርጭቆ በአልኮል ከሌሎቹ ይደክማል፣ ድካሙም ጣፋጭነት ይመስላችኋል።

ብርጭቆዎቹን የሚያደባልቅላችሁ የማይጠጣ ሰው ይሁን። ወሎ ቤት ውስጥ ቃሪቦውን ይዞ የሚቀመጥ ዘመድ አይታጣምና ሥራው ለእሱ ነው፤ ከብርጭቆዎቹ ግርጌ ቁጥር ይለጥፍ፣ ቅደም ተከተሉን ይቀያይር፣ እስከ መጨረሻው አይናገር። እናንተ ከደረቁ ወደ ጣፋጩ ደርድሯቸው።

በ10 ግራሙ ላይ የምላስ ጫፍ ንክሻ ቀነስ ይላል፣ «ጣፋጭ» የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው። በ20ው ፈሳሹ ወፈር ብሎ ጉንጭ ውስጥ ይቆያል፣ የኋላው ጣዕም ደግሞ ያጥራል። በ40ው ከንፈር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ የእንጨቱ ምሬት ጠፍቷል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስሜት አንድ ዓይነት ነው። አብዛኛው ሰው ብርጭቆ ሁለትና ሦስትን ያምታታል። አብሽሩ፤ ሁለተኛ ቀን ሲደገም ይለያል።

ቤቱ፣ ብርጭቆው፣ ሙቀቱ

ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጤሰ ሩም አይቀመስም። ከበረካው በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ ወይም ሌላ ክፍል ግቡ። አዋዜና ሚጥሚጣ የነካው ምላስም ለዚያ ሰዓት አይፈርድም። እንጀራ ከመቅመሱ በፊት ወዲያው አይበላ፤ ጎምዛዛው ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ከልኩ በላይ ያጣፍጠዋል። በየመካከሉ አፍ የሚጠበው በውሃና ቅመም ባልገባበት ዳቦ ነው።

መለኪያ እስከ አፉ ስለሚሞላ ለሽታ ቦታ የለውም። የብርሌ አንገት ደግሞ አፍንጫ አያስገባም። አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። 15 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ በአንድ ቁጭታም ከሦስት ዓይነት አይለፍ። መትፊያ ይኑር፤ የሐረጎን ቁልቁለት ሊወርድ መሪ የሚጨብጥ ሰው ያሽትት እንጂ አይቅመስ።

የጦሳ ተራራ ብርድ ያደረበት ጠርሙስ ከ15 ዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅዝቃዜ ሽታው ይታሰራል፣ ፈሳሹ ይወፍራል፣ ጣፋጭነቱም ስለሚደበቅ ከልኩ በታች ትፈርዱታላችሁ። ብርጭቆውን አምስት ደቂቃ በመዳፍ ይዛችሁ ወደ 18 ወይም 20 አምጡት። ኮምቦልቻ በቀትር ነገሩ ይገለበጣል፤ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ላይ ይዘላል፣ ስኳሩም ይገናል። ጠርሙሱን አሥር ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት። በረዶ ግን በፍርድ ጊዜ ፈጽሞ አይገባም። «በበረዶ ይጠጣ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጣፋጭነቱ ሰው እንዳያሰለች ከሚፈራ ሻጭ ነው።

ቅምሻው

መልኩን ብዙ አትመኑት። ጥቁር ቡናማ ቀለም ከካራሜል ሊመጣ ይችላል፣ ከዕድሜ ጋር የግድ አይያያዝም። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርደው ክርም ብዙ ተወርቶለታል፤ ዋና ምክንያቱ የአልኮሉ መትነን ስለሆነ ስኳር የሌለበት ጠንካራ ሩምም ያሳየዋል።

ከተቀዳ በኋላ አምስት ደቂቃ ተውት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፣ አልኮሉም ቶሎ ይነሳል፤ የመጀመሪያው ሽታ የአልኮል ማቃጠል ብቻ ነው። ቀጥሎ አፍን ከፈት አድርጋችሁ ከብርጭቆው አፍ ጣት ያህል ራቅ ብላችሁ አሽትቱ። የበሰለ ሙዝ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ የእንጨት፣ የትምባሆ፣ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ሽታ ካገኛችሁ እርሾውና በርሜሉ የሠሩት ነው። አንድ ቫኒላ ብቻውን ገንኖ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላም ሳይለወጥ፣ የኬክ ቤት ሽታ ይዞ ከቆመ ግን የተጨመረ ጣዕም መኖሩን ጠርጥሩ። ከእንጨት የመጣ ቫኒላ ከሌሎች ሽታዎች ጋር እየወጣና እየገባ ይሄዳል እንጂ ብቻውን አይነግሥም።

የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስን ለማለማመድ ብቻ ነው፣ አይፈረድበትም። ሁለተኛውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ውሰዱና አሥር ሰከንድ በአፍ አንከባሉት። ትኩረቱ መሃል ላይ ይሁን። ጣፋጭነቱ በመጀመሪያው ሰከንድ ይመጣል፤ ከአምስተኛው ሰከንድ በኋላ ሌላ ምን መጣ? የእንጨት መጥበቅ፣ የፍሬ ጎምዛዛነት፣ የቅመም ሙቀት ከመጣ ስኳሩ በአንድ ነገር ላይ ነው የተቀመጠው። ምንም ካልመጣ ባዶውን ለመሸፈን የገባ ነው።

ስትውጡ ወይም ስትተፉ ሰዓት ያዙ። ምላስ ጣፋጭ እየቀመሰ ጉሮሮ የሚቃጠል ከሆነ ከሥሩ ያለው መጠጥ ገና ወጣት ወይም ሸካራ ነው። ስኳር ምላስን ያታልላል፣ ጉሮሮ ላይ ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው። ይህን ምልክት ከሌላው ሁሉ እናስበልጠዋለን፤ ዋጋው የናረ ጠርሙስ ሲያሳየው ያሳፍራል። የኋላው ጣዕም 20 ሰከንድ ሳይሞላ ጠፍቶ ከንፈር ላይ ሙጫ ብቻ ከተወ ያም ይጻፍ።

አሁን ውሃ። ለ15 ሚሊ ሊትር ሩም 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ 40ው ወደ 30 ይወርዳል። ከስኳሩ ጀርባ እውነተኛ ሩም ካለ ሽታው ይከፈታል፣ አዲስ ነገር ይወጣል። ከሌለ ደግሞ ብርጭቆው ወደ ቀጭን የስኳር ውሃ ይፈርሳል፣ የቫኒላው ሽታም ብቻውን ተንሳፍፎ ይቀራል። ጥሩ ጣፋጭ ሩምና ደካማ ጣፋጭ ሩም ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚለያዩት በዚህች አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ነው።

መሣሪያ ለሌለው ሰው አንድ የሌሊት ፈተና አለ። 5 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ውስጥ ትታችሁ አፉን በወረቀት ሸፍኑና ይደር። ጠዋት ደረቁ ሩም ቀጭን ቡናማ ምልክትና የእንጨት ሽታ ይተዋል። ስኳራሙ ጣት የሚይዝ ሽፋን ይሠራል። ወረቀቱን አትርሱ፤ ጉንዳን ከእናንተ ቀድሞ ይፈርዳል።

መለካት

ምላስ ይከራከራል፣ ቁጥር ያስታርቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው አልኮሎሜትር የሚባለው የሚንሳፈፍ የመስታወት መለኪያ፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ረጅም ሲሊንደርና ቴርሞሜትር ነው። መሣሪያው የተሠራው ለንጹሕ አልኮልና ውሃ ነው። ስኳር ፈሳሹን ያከብደዋል፣ መለኪያው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ አልኮሉን አሳንሶ ያሳያል። የመለኪያው ንባብ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሲቀነስ የሚገኘው ልዩነት የስኳሩ ጥላ ነው። በ40 ከመቶ አካባቢ አንድ ከመቶ ልዩነት በሊትር 4 ግራም ያህል ስኳር ማለት ነው።

ሲሊንደሩን በቀስታ ሙሉ፣ አረፋው ይርገፍ፣ መለኪያውን አስገብታችሁ በጣት አሽከርክሩት፤ የተጣበቀ አረፋ ወደ ላይ ስለሚገፋው ንባቡን ያዛባል። ዓይንን ከፈሳሹ ጋር አስተካክላችሁ ከጎድጓዳው የታችኛውን መስመር አንብቡ። ሙቀቱን ወዲያው ለኩ። ብዙዎቹ መለኪያዎች ለ20 ዲግሪ የተሠሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ለ15፤ ግንዱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በታች ላለ እያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ትጨምራላችሁ፣ በላይ ላለው 0.4 ትቀንሳላችሁ።

ምሳሌ፦ ደሴ ውስጥ ክፍሉ 16 ዲግሪ ነው፣ ጠርሙሱ 40 ይላል፣ መለኪያው 32.4 አሳየ። አራት ዲግሪ ስለጎደለ 1.6 ጨምረን 34 እናገኛለን። ከ40 ሲቀነስ 6፣ በ4 ሲባዛ 24 ግራም በሊትር። የሙቀቱ ማስተካከያ ቢረሳ ኖሮ 30 ግራም ተብሎ ሩሙ ያለ ጥፋቱ በተወቀሰ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ በ26 ዲግሪ የሚለካ ሰው ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ ስኳሩ ከእውነቱ አንሶ ይታየዋል። ልዩነቱ ከአንድ ከመቶ በታች ከሆነ ምንም አትበሉ፤ የበርሜሉ ቅሪትና የመለያው ትንሽ መዛነፍ ያንን ያህል ይሠራሉ።

አልኮሎሜትር ካልተገኘ በግራም አንድ አሥረኛ የሚለካ የወርቅ ወይም የቅመም ሚዛን ይበቃል። ሰፊና ቀላል የብረት ሳህን መዝኑ፣ 50 ሚሊ ሊትር ሩም ጨምሩ፣ በፈላ ውሃ ድስት ላይ አስቀምጡት። በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ መስኮት ተከፍቶ። ከሰልና ጋዝ በዚህ ሥራ አጠገብ አይቅረቡ፤ የአልኮል እንፋሎት ይቀጣጠላል። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የመጨረሻው እርጥበት ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። ሳህኑ በአሥር ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመዝኖ ካልቀነሰ አልቋል። የቀረውን በ20 አባዙ፤ 1.4 ግራም ከቀረ በሊትር 28 ግራም ነው። ሽሮፑ ጥቂት ውሃ ይዞ ስለሚቀር ይህ ዘዴ ትንሽ ያበዛል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ግን ስኳሩ ራሱ መበላሸት ስለጀመረ ድገሙት።

የማር ነጋዴዎች የሚይዙት ሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም ስኳርን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ እዚህ አያገለግልም። የማሩ መለኪያ ከ58 ከመቶ ስኳር በላይ ብቻ ነው የሚያነበው። ዝቅ ያለውን የሚያነበው ዓይነት ደግሞ ስኳር የሌለበትን 40 ከመቶ አልኮል እንኳ 15 አካባቢ ያሳያል።

ለመለካት ጊዜ ለሌለው፣ የፊንላንዱ አልኮና የስዊድኑ ሲስተምቦላጌት የተባሉት የመንግሥት መጠጥ ሻጮች በድረ ገጻቸው ላይ የየጠርሙሱን ስኳር በግራም ይጽፋሉ። የምትፈልጉት ጠርሙስ እዚያ የሚሸጥ ከሆነ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። የማምረቻው ዙር ሲለዋወጥ የስኳሩ መጠን ሊለወጥ እንደሚችል ግን አስቡ።

ምን ዓይነት ጉድለት፣ ከምን የመጣ

ጉንጭ ውስጥ እንደ ዘይት የሚንሸራተት፣ ውፍረቱን የሚያህል ጣፋጭነት ግን የሌለው ሩም ግሊሰሪን ሳይኖረው አይቀርም። እሱም በአልኮሎሜትሩ ላይ ስኳር መስሎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ «ስኳር» ከማለት «የተጨመረ ነገር» ቢባል የበለጠ እውነት ነው።

ሦስተኛው ጉንጭ ላይ «በቃኝ» የሚያሰኝ ሩም ጎምዛዛም መራራም የለውም ማለት ነው፤ ስኳር የሚሸከመው ተቃራኒ አጥቷል። የጠጅ ፈራጅ ይህን ያውቃል፤ ጌሾው ያነሰ ጠጅ ማሩ የቱንም ያህል የላስታ ነጭ ማር ቢሆን አንድ ብርሌ አያስጨርስም። ሩም ጌሾ የለውም፣ ያንን ቦታ የሚይዝለት የበርሜሉ ምሬትና ከእርሾው የመጣው የፍሬ ስለት ነው።

ከስኳሩ በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ምላስን የሚያደርቅ ከባድ ምሬት ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው በርሜል ውስጥ ከልኩ በላይ ቆይቶ በስኳር የታረቀ ነው። ይህኛው ከባዶው ይሻላል፤ ውሃ ሲገባበት ብዙ ነገር ያሳያል።

የቀለም ማስወገጃ ዓይነት ሹል ሽታ ጥቂቱ ከጃማይካ ሩም የሚጠበቅ ነው። በጣፋጭ ሩም ላይ ከከረሜላ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ ግን ርካሽ መነሻ የተሸፈነበት ይመስላል። ሌላው ነገር ቀልድ የለውም፦ ማኅተሙ የላላ፣ ክዳኑ ዙሪያ የሚያዣ፣ መለያው ጠማማ የተለጠፈ ጠርሙስ ቅምሻ ላይ አይቅረብ። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል በምላስም በአፍንጫም አይለይም፣ ስኳር ከገባበት ደግሞ ጭራሽ አይጠረጠርም።

ነጥብ አሰጣጥ

ከ20 እንሰጣለን። ለሽታ 5፣ ለመሃል ጣዕም 6፣ ለስኳሩ ሚዛን 5፣ ለኋላ ጣዕም 4። ቁጥሩ ሲለካ በሊትር እስከ 10 ግራም ከሆነ ስለ ስኳሩ ክርክር አያስፈልግም። ከ10 እስከ 20 ያለው ሚዛኑን ከጠበቀ ሙሉ 5 ሊያገኝ ይችላል። ከ20 እስከ 40 ያለው ለሚዛን ከ3 በላይ እንዲያገኝ ውሃ ሲገባበት የቆመ መሆን አለበት። ከ40 በላይ የሆነውን ከሩም ጋር አናወዳድረውም፤ ከሊኬር ጋር ተሰልፎ በራሱ ሚዛን ይፈረድ፣ እዚያ ጥሩ ነጥብ ቢያገኝ አያስገርምም። ውሃ ሲገባ ባዶ የሚሆን ለመሃል ጣዕም ከ3 አያልፍም፣ ሽታው የቱንም ያህል ቢያምር።

ጣፋጭ በመሆናቸው የሚታወቁት ሮን ዛካፓ 23፣ ዲፕሎማቲኮ ሬሰርቫ ኤክስክሉሲቫና ዶን ፓፓ በዚህ ሚዛን ላይ አንድ ቦታ አይውሉም፤ ጎን ለጎን ማቅረቡ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። ከአጠገባቸው አንድ ደረቅ ሩም ሁልጊዜ ይኑር፣ መጀመሪያም እሱ ይቀመስ። ብቻውን የቀረበ ጣፋጭ ሩም ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ከደረቅ ቀጥሎ ሲመጣ ነው የሚመረመረው።

ስለ ቁጥር ከተነሳ፣ ጠርሙስ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ ዕድሜ አይደለም። የዛካፓ 23 ከ6 እስከ 23 ዓመት የቆዩ ሩሞች ድብልቅ እንደሆነ አምራቹ ራሱ ይናገራል። «ሶሌራ» (የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሩሞች በርሜል ውስጥ እያቀላቀሉ የማቆየት ዘዴ) የሚል ቃል ከቁጥር ጋር ስታዩ ቁጥሩ የትልቁን እንጂ የትንሹን ዕድሜ ላይናገር እንደሚችል አስታውሱ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ «ዓመት» ተብሎ በግልጽ የተጻፈ ዕድሜ የድብልቁን የታናሹን ነው። ለስጦታ የምትገዙ ከሆነ ለቁጥሩ ሳይሆን ለዚህ ልዩነት ክፈሉ።

ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘውን አትድፉት። 50 ሚሊ ሊትር ሩም፣ 10 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 100 ሚሊ ሊትር የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ፣ በረዶ። ሎሚው የጎደለውን ጎምዛዛ ይመልሳል፣ ጋዙ ውፍረቱን ይሰብራል። ስኳር አትጨምሩ፤ በጣም ጎመዘዘ የሚል ሰው ካለ ሎሚውን ወደ 7 አውርዱ። ግማሽ የደረሰ ጠርሙስ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ይገልበጥ፣ ቁሞ ይቀመጥ፣ የአንገቱ ክርም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ስኳሩ ደርቆ ክዳኑን ያጣብቀዋል፣ ቡሽ ከሆነም ሲከፈት ይሰበራል።